ፊቱ ያልተለሰነ ሰፈር

እኔ የምተዳደረው ብረት በመበየድ ነው። ቡራዩ ውስጥ፣ ከአምቦ መንገድ ታጥፎ ሚኒባሶቹ ከሚቆሙበት ትንሽ ገባ ብሎ ብየዳ ቤት አለኝ። በዚህ ሰፈር ካሉት የግቢ በሮች አብዛኞቹን የሠራኋቸው እኔ ነኝ። ታዲያ እንግዳ ሰው መጥቶ ቢያያቸው፣ ሥራ ጀምሬ የማልጨርስ ሰነፍ እመስለው ነበር። በሁሉም በር ላይ ያለው ቀዩ ፀረ ዝገት ቀለም ብቻ ነዋ። ደንበኛው በሩን ሊወስድ ሲመጣ "ከላይ ምን ቀለም ልቀባው?" ስለው፣ ግራና ቀኙን ቃኝቶ "ለጊዜው እንዲሁ ይሁን፣ ግምት ይለፍ" ይለኛል። ግምቱ ያልፋል፣ ዓመቱም ያልፋል፣ በሩ ግን እንደቀላ ይኖራል።

ግድግዳውም ያው ነው። በኛ ሰፈር ሰው ቤቱን የሚያሳምረው ከውስጥ ነው። ሳሎኑ ጂፕሰም ይመታል፣ ወለሉ ሴራሚክ ይነጠፋል፣ ኮርኒሱ ላይ ሳህን የሚያካክል አበባ ይቀረጻል። ወደ መንገድ የዞረው ግድግዳ ግን ምርጊቱ እንዳፈጠጠ፣ ጭዱ እንደተንጨባረረ ይቀራል። የጣራና ግድግዳ ግብር ገማቾች በመንገድ ሲያልፉ "ምስኪኖች" ብለው እንዲያልፉ ነው ዘዴው። ማን እንደጀመረው አላውቅም። የገባው ሁሉ ግን ቀጠለበት፣ እኔም ቀዩን ቀለም በጀሪካን እየገዛሁ ኖርኩ።

ይህን ልማድ ያስተወችን አንዲት ሴት ናት። ብርሃነሽ ትባላለች፣ ቤቷ ከብየዳ ቤቴ ፊት ለፊት ነው። ከወላይታ የመጣችው ገና ልጃገረድ ሳለች፣ ሰበታ ፋብሪካ ልትሠራ ነበር። ቀን ክር እየጠቀለለች ማታ እየተማረች ዲፕሎማዋን ያዘች፣ ከዚያ ቤት ከሚገምተው መሥሪያ ቤት ተቀጠረች። ባሏ ዳና ለሳኝ ነው። ሱሉልታ ያሉ ትልልቅ ቪላዎች "ያለ ዳና ፊታችንን አንታጠብም" የሚሉ ይመስል እሱን ነው የሚጠሩት። የገዛ ቤቱ ፊት ግን እንደማናችንም ምርጊት ነበር። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኸው ነው።

እኔ መንግሥት ቤቴን በሜትር ሲለካ ደሜ የሚፈላ ሰው ነኝ። ይህን ስለምታውቅ ብርሃነሽ ከሥራ ስትመለስ ደጄ ላይ ቆም ብላ ትነዘንዘኝ ነበር።

"ጋሽ አለሙ፣ እኛ ቤቱ ስንት ፈጀ አንልም" ትለኛለች። "ቢከራይ ስንት ያወጣል ነው የምንለው። ግድግዳው ከምንድን ነው፣ ወለሉስ፣ ኮርኒስ አለው ወይ፣ ስፋቱ፣ ከዋናው መንገድ ምን ያህል ይርቃል፣ ይኖሩበታል ወይስ ይነግዱበታል። ከዚያ ደረጃ ይወጣለታል። ግብሩ ደረጃውን ተከትሎ ይመጣል።"

"በር ካልተከፈተላችሁስ?"

"እስኪከፈት እቆማለሁ።"

ይህን ለጉራ አልነበረም የምትለው። አብረዋት የሚሠሩት ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ሰበታም ሱሉልታም ስትመደብ፣ ሌላው ከመንገድ ማዶ ሆኖ በአጥር ላይ እያንጋጠጠ የሚጽፈውን እሷ አትጽፍም። ታንኳኳለች። ሰውየው በኦሮምኛ ቢናገር በኦሮምኛ ትመልሳለች፣ ቢሰድባት ሰላም ትላለች፣ ውሻ ቢለቁባት ውሻው እስኪታሰር ጥግ ይዛ ትጠብቃለች። በመጨረሻ ሰልችቶት ያስገባታል። ገብታ ደግሞ የሚያንሰውን እንዳነሰ፣ የሚበልጠውን እንደበለጠ ትጽፋለች። "ያላየሁትን አልጽፍም" የሚል ቃል ነበራት። ደረቅ ናት ይሏታል። ደረቅስ ናት፣ ግን እንደሷ ያለ ደረቅ በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አንድ ቢገኝ እኔ ራሴ ግብሬን እያፏጨሁ በከፈልኩ።

ሠራተኛ በሚኖርበት ሰፈር አይመደብም። ስለዚህ ባለፈው ዙር የኛን ሰፈር የገመቱት ሌሎች ነበሩ። መጡ፣ አንኳኩ፣ ማንም አልከፈተላቸውም። እኛም የብልጦች ብልጥ ነን ብለን በየበራችን ቀዳዳ እያየን ሳቅን። ሰዎቹ ግን ሞኞች አልነበሩም። የቡራዩን ሰው ዘዴ ሰምተውታል። "ፊቱ ጭቃ ይመስላል እንጂ ውስጡ ልስን ነው" ብለው፣ የመንገዱን ቤቶች በሙሉ በአንድ አፍ ልስን፣ ሴራሚክ፣ ባለ ኮርኒስ አድርገው ጻፏቸው። ደረጃው ሲነገረን አጉረመረምን እንጂ ማናችንም አልተጎዳንም። እውነቱ እሱ ነበራ፣ እንዲያውም ገብተው ለክተው ቢሆን ከዚያም በላይ ይወጣብን ነበር።

የተጎዱት እማማ የወይንሐረግ ናቸው።

የእማማ የወይንሐረግ ቤት ከብርሃነሽ ቤት ጎን ነው። ከፊት ጭቃ፣ ከኋላም ጭቃ፣ ወለሉም ጭቃ። እሳቸውና ነፍሳቸውን ይማረውና ባለቤታቸው በእጃቸው መርገው የሠሩት ቤት ነው። ልጅ የላቸውም፣ የሚኖሩት ጥበቃ በነበሩት ባለቤታቸው ጡረታ ነው። በየዓመቱ ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ጭቃ አቡክተው የተሰነጠቀውን ይመርጋሉ። የጤፍ ጭዱን ከመናገሻ በኩል ዘመድ ያመጣላቸዋል። ከዚያች ጭድ ላይ እየቆነጠሩ ለየጎረቤቱ ያድሉ ነበር። "ለግድግዳችሁ" ብለው በር ላይ አስቀምጠውልን ይሄዳሉ። እኛም "እግዜር ይስጥልን" ብለን እንቀበላለን። ኦቦ ዲሪርሳ፣ የእድራችን ዳኛ፣ ለበጎቻቸው ያበሉት ነበር። እኔ ብርጭቆና ጠርሙስ አሽግበታለሁ።

እና አዲሱ ደረጃ እማማ የወይንሐረግንም ባለ ሴራሚክ አደረጋቸው። ግብሩ ከጡረታቸው ጋር አይገናኝም። ብዙ ሳይቆይ አንድ ደላላ ደጃቸው ላይ መመላለስ ጀመረ። ቦታው ለመንገድ ቅርብ ነው፣ ገዢ አለኝ፣ ግብር ሳይከመርብዎት ይሽጡት ይላቸዋል። እሳቸውም ቤታቸውን ሸጠው ዘመድ ጋ መናገሻ ሊገቡ ልባቸው ከጀለ። ልባቸው ከጀለ ስል ደስ ብሏቸው አይደለም። ግድግዳውን እየደባበሱ ሲያለቅሱ ብርሃነሽ አግኝታቸዋለች።

ያን ቀን ወደኔ ስትመጣ ፊቷ ጠቁሯል። "ቅሬታ አስገብቻላቸዋለሁ" አለችኝ። "ግን ቅሬታ የሚታየው ከጎረቤት ቤቶች ጋር ተነጻጽሮ ነው። ጎረቤቶቹ ልስን መሆናቸው ካልታየ የሳቸው ጭቃ ከምን ያንሳል ይባላል? ገማቾቹ 'ሁሉም ፊቱ ያው ነው' ነው የሚሉኝ።"

"የሳቸውን ገብተው አይተው አይሄዱም?"

"የሳቸውን ካዩ በኋላ 'እንግዲያው ሌሎቹም እንደሳቸው ሊሆኑ ነው' ይላሉ። የሁሉንም ዝቅ ሊያደርጉ አይችሉም፣ የሳቸውንም ለብቻው ዝቅ ለማድረግ ይፈራሉ። የሰፈሩን ሰው ማን ያምናል፣ ጋሽ አለሙ?"

ግራይንደሬን አስነሳሁ።

በየቤቱ ዞረች። ከኦቦ ዲሪርሳ ጋር ስትነጋገር እኔ የበራቸውን ማጠፊያ እየጠገንኩ ስለነበር ሁሉንም ሰምቻለሁ። ኦቦ ዲሪርሳ መንገድ ዳር ያለችውን አሮጌ ጭቃ ቤታቸውን ሳያፈርሱ፣ ከኋላዋ የሚያምር ብሎኬት ቪላ ሠርተዋል። ያ ቪላ በየትኛውም ግምት አልተቆጠረም።

"አካም ቡልተን፣ ኦቦ ዲሪርሳ?" አለቻቸው፣ እንዴት አደሩ ስትል።

"ነጋ፣ ነጋ። ኮቱ" አሉ፣ ደህና ነኝ፣ ነይ ማለታቸው ነው። ከበሩ ግን አልተንቀሳቀሱም።

ነገሩን አስረዳቻቸው። ገማቾቹ ተመልሰው ሲመጡ አንድ ጊዜ በር ይክፈቱላቸው፣ የእማማ የወይንሐረግ ቤት ከሌላው ማነሱ በዓይን ይታይ አለቻቸው።

"የኔም ጭቃ ነው፣ ይኸው እያየሽው" አሉ ወደ አሮጌዋ ቤት እየጠቆሙ።

ብርሃነሽ ከአሮጌው ቆርቆሮ በላይ ብቅ ያለውን የአዲሱን ጣራ አየችና "አየዋለሁ" አለች።

ኦቦ ዲሪርሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ስሚኝ ልጄ። እኔ ለእማማ ክፉ አልመኝም። በእድሩ አስነግሬ መዋጮ እናደርግላቸዋለን።"

"ዘንድሮ ያዋጣሉ። ከርሞስ?"

"ለከርሞ እግዜር ያውቃል።"

"እግዜርማ ቪላውንም ያውቀዋል" ብላ ተሰናብታቸው ሄደች። እኔ ሳቄን ለመዋጥ ማጠፊያውን በመዶሻ ቀጠቀጥኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ብርሃነሽና ዳና ከቤታቸው ፊት ቆመው ግድግዳውን ያያሉ። እኔ ከማዶ ብረት እቆርጣለሁ፣ ግን ጆሮዬ እነሱ ጋ ነው።

"የሰውን ሁሉ ፊት ትለስናለህ" አለችው። "የኛን መቼ ነው?"

"ግምት ይለፍ ያልሽው አንቺ ነሽ።"

"ያልኩት ይህን ሥራ ሳልይዝ ነው።"

ዳና ብዙ የማይናገር ሰው ነው። "ግብሩ ይጨምራል" አላት።

"ይጨምራል።"

"ሰዉስ?"

"ሰዉ ይቆጣል።"

ዳና ወደ ግድግዳው ተጠግቶ አንድ የተላላጠ ጭቃ በጥፍሩ ፈነቀለ። ከዚያ የእማማ የወይንሐረግን ግድግዳ ዞር ብሎ አየ። "ውኃ አስቀጂልኝ፣ ሲሚንቶ ላመጣ ነው" ብሎ ወጣ። እንዲህ ያለ ባል የላከላት አምላክ ይመስገን። እኔ ብሆን ቢያንስ እስከ ምሳ ድረስ እከራከር ነበር።

ልስኑ ሲጀመር ሰፈሩ ወጣ። ሰው እንደ ሠርግ ቆሞ ያያል፣ ፊቱ ግን የሠርግ አልነበረም። "ደሞዝተኛ ናት፣ እሷ ምን ገዷት" የሚል ነበር። "ልታስበላን ነው" የሚልም ነበር። እስከ ትናንት ሰላም ይሏት የነበሩት አንገታቸውን ሰብረው አለፏት። እሷ ለዳና ውኃ ታቀብላለች፣ ለሚያልፈው ሁሉ "እንደምን አደራችሁ" ትላለች፣ መልስ ብታገኝም ባታገኝም። ዳና ደግሞ ለቪላ ባለቤቶች የሚሠራውን ያህል ተጠበበበት። ሲደርቅ ነጭ ኳርትዝ ቀባው። በዚያ ሁሉ ጭቃ መሀል አዲስ ጥርስ መሰለ።

ከዚያ ወደኔ መጣች። "ጋሽ አለሙ፣ በሬን ቀለም ይቀቡልኝ።"

"ምን ዓይነት?"

"ከሩቅ የሚታይ።"

"ያንቺን በር ከቀባሁ ደንበኛ ይሸሸኛል" አልኳት፣ እውነቴን ነው የፈራሁት።

"ሰዉ መቀባት ከጀመረ ሥራዎ እጥፍ ይሆናል" አለችኝ። ይህን አላሰብኩትም ነበር። ሰማያዊ ቀባሁላት።

ከሳምንት በኋላ፣ ሰኞ ቀን፣ ገማቾቹ ቅሬታውን ሊያጣሩ መጡ። አለቃቸው ራቢአ የምትባል፣ አነጋገሯ ቁጥብ፣ ዓይኗ ፈጣን ሴት ናት። ብርሃነሽ የመሥሪያ ቤቱን መታወቂያ ከአንገቷ አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ነበር። "ዛሬ ባለቤት ነኝ፣ የገዛ ቤቴን አልገምትም" አለቻቸውና በሯን ብርግድ አድርጋ ከፈተች። ራቢአ ገብታ፣ ሳሎኑን፣ ጓዳውን፣ ጓሮውን አይታ፣ ለክታ ወጣች። "ከፍተኛው ደረጃ ነው የሚደርስሽ" አለቻት። ብርሃነሽ "ልክ ነው" አለች። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ሰው ግብር ሲጨመርበት "ልክ ነው" ሲል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ቀጥላ ወደ እማማ የወይንሐረግ ቤት ገባች። ብዙም አልቆየችም። ስትወጣ ጫማዋ ላይ ጭቃ ነበር።

"ይህ ሌላ ቤት ነው፣ አይካድም" አለች ለተሰበሰብነው። "ግን አንድ የተለሰነ ቤት ብቻ አይቼ ስለ ሰፈሩ መናገር አልችልም። ሁላችሁም እንደ እማማ ናችሁ ካላችሁኝ አላምናችሁም። አይደለንም ካላችሁ አሳዩኝ። ሌላ የሚከፍት አለ?"

ጎልማሳው ሁሉ እንደ ተማሪ ጫማውን ያያል። ኦቦ ዲሪርሳ በራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። እኔም ቆሜያለሁ፣ ለኔ ደግሞ በር ከመክፈት ይልቅ አፍ መክፈት ነው የሚቀለኝ፣ እሱም ያን ቀን እምቢ አለኝ።

እማማ የወይንሐረግ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ከቤታቸው ወጡ። የብርሃነሽን ግድግዳ ጠጋ ብለው በመዳፋቸው ደባበሱት። ከዚያ በተከፈተው በር ወደ ውስጥ አዩ። ሴራሚኩን፣ ኮርኒሱን፣ መጋረጃውን አዩ። ጎረቤት ሆነው ሲኖሩ ብርሃነሽ ስትጋብዛቸው "እግሬ ጭቃ ነው፣ ላላቆሽሽ" እያሉ ደጅ ነበር የሚቀመጡት።

"ውስጡ እንዲህ ነው እንዴ?" አሉ። ወደ ኦቦ ዲሪርሳ ዞሩ። "ዲሪርሳ፣ ያንተም እንዲህ ነው?"

ኦቦ ዲሪርሳ ራሳቸውን ብቻ ዝቅ አደረጉ።

"የሁላችሁም?" አሉ፣ ሁላችንን እያዩ። ፊታችንን አይተው መልሱ ገባቸው። እኔ አሁን ይረግሙናል ብዬ ጠበቅኩ። ቢረግሙንም ተገቢ ነበር።

"ተመስገን" አሉ። "እኔ እኮ የሁላችሁም እንደኔ ጭቃ እየመሰለኝ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር፣ ጌታዬ የኔን ብታፈርሰው አንዲት ነፍስ ነኝ፣ የነሱን ግን ልጆች አሉበትና አደራህን እያልኩ ነበር የማድረው። ከእንግዲህ ዝናብ ሲጥል እተኛለሁ።"

ይህን ያሉት ከልባቸው ነው። ቅኔ የለውም፣ ሽሙጥ የለውም። ደስ ብሏቸው ነው ያሉት። እዚያ ቆመን የነበርን ሁሉ ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠን በወደድን።

ኦቦ ዲሪርሳ ወደ በራቸው ዞሩ። ትንሿን መግቢያ ከፈቱ፣ ከዚያ አሰብ አድርገው ትልቁን ተካፋች መጎተት ጀመሩ። አልንቀሳቀስ አለ። ቪላው ከተሠራ ጀምሮ እንዳይታይ ተብሎ ሁለቱም ተካፋች በቀን ተከፍቶ ስለማያውቅ የላይኛው መቀርቀሪያ ዝጎ ተጣብቋል። "አለሙ፣ መዶሻህን" አሉኝ፣ ወደኔ ሳያዩ። ሮጬ አመጣሁ። ሁለታችን እየመታን፣ እየጎተትን፣ ያ የሠራሁት በር ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው ተከፈተ። "ግቡ" አሏቸው ለገማቾቹ። እማማ የወይንሐረግም ተከተሉ። የቪላው ደፍ ላይ ጫማቸውን ሊያወልቁ ጎንበስ ሲሉ ኦቦ ዲሪርሳ ክንዳቸውን ይዘው ቀና አደረጓቸው። "በጫማዎ ይግቡ፣ እናቴ" አሏቸው።

ከዚያ በኋላ ገማቾቹ ማንኳኳት አላስፈለጋቸውም። በየተራ ከፈትን። የሁላችንም ያለው ተጻፈ፣ የኦቦ ዲሪርሳ ቪላም ተቆጠረች። የእማማ የወይንሐረግ ግን ዝቅ አለ፣ ጡረታቸው ሊሸከመው የሚችል ሆነ። ደላላው አንድ ጊዜ መጥቶ ነበር። እማማ "ቤቴ እኮ ጭቃ ነው ልጄ፣ በወረቀትም ጭቃ ሆኗል" ብለው ሸኙት።

ብርሃነሽን እስከ ዛሬ ሰላም የማይሏት አሉ። ግብሩ ሲጨምር የሚታያቸው የሷ ነጭ ግድግዳ ነው። እሷም አልተለወጠችም፣ አሁንም ሱሉልታ በር ላይ ቆማ ውሻ እስኪታሰር ትጠብቃለች። ዳና ግን በሰፈሩ ልስን ወረፋ አለበት። እኔ ደግሞ አረንጓዴውን፣ ቡናማውን፣ ሰማያዊውን ቀለም ከየት እንደማመጣ ጠፍቶኛል፣ ቀዩ ጀሪካን ጥግ ተቀምጧል።

ዘንድሮም ግንቦት መጣ። እማማ የወይንሐረግ እንደ ልማዳቸው ጭድ ተሸክመው ኦቦ ዲሪርሳ በር ላይ ቆሙ። እኔ ደነገጥኩ፣ ረስተውት ይሆን ብዬ። ኦቦ ዲሪርሳም እያፈሩ "እማማ፣ የኔ ግድግዳ እኮ..." ሲሉ አቋረጧቸው።

"አውቃለሁ። ለበጎችህ ነው።"

ኦቦ ዲሪርሳ ጭዱን ተቀበሏቸው። አስቀምጠውት መጡና ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው የእማማን ጭቃ ሊረግጡ ገቡ። ብርሃነሽ ቀድማቸው እዚያው ጭቃ ውስጥ ነበረች። እኔም ገባሁ፣ ወገቤን እያማረርኩ። ዳና በለሳኝ እጁ ምርጊቱን እንደ ጂፕሰም ሲያስተካክለው አይቼ "አንተ፣ በጣም አታሳምረው፣ ደረጃቸው ከፍ ይላል" አልኩት።

ብርሃነሽ ጭቃ ከነካው ግንባሯ ላይ ፀጉሯን በክንዷ እየገፋች ቀና አለች። "አይልም" አለችኝ። "ጭቃ ነው፣ አይቼዋለሁ።"